አሥራ አራት ሺው አይደለም፣ «ረዳት» የምትለው ቃል ናት

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ነው። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ጀሞ ነው። በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። በአንድ አስመጪ ድርጅት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስለቅ ሲኒየር አካውንታንት ነበርኩ። ሁለተኛ ልጄን ስወልድ የሚይዝልኝ ሰው ስላጣሁ በ2013 መጀመሪያ ሥራዬን ተውኩ። ያኔ ደመወዜ ያልተጣራ 19,000 ብር ነበር። አሁን ትንሹም ኬጂ ገባ። ስምንት ወር ሙሉ ሥራ ስፈልግ ቆይቼ ቦሌ ያለ አንድ የሕክምና ዕቃ አከፋፋይ በረዳት አካውንታንትነት በ14,000 ብር ሊቀጥረኝ ተስማማ። ‹ከሙከራ በኋላ ደግሞ እናይልሻለን› ብለውኛል። ባለቤቴ ‹ለሠራተኛ 5,000፣ ለታክሲ 2,000 ከፍለሽ ምን ሊተርፍሽ ነው?› ይላል። አብራኝ ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ ዛሬ 34,000 ይከፈላታል። ልግባ ወይስ የሚመጥነኝ እስኪመጣ ልጠብቅ? ከገባሁ በዚያው እንዳልቀር እፈራለሁ። እስከ ሰኞ መልስ ስጪ ተብያለሁ። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦

ግቢ። ግን ከመፈረምሽ በፊት አንዲት ቃል አስቀይሪ።

ባለቤትሽ ብሩን ነው ያየው። ጓደኛሽም ብትጠየቅ የምታየው ብሩን ነው። እኔ ግን በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ይሆናል፣ ደብዳቤሽን ሳነብ የደነገጥኩት በ14,000ው አይደለም። «ረዳት» በምትለው ቃል ነው። ዝቅ ያለ ደመወዝ ይስተካከላል። ዝቅ ያለ መደብ ግን የሥራ ልምድ ወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሻል።

የሥራ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚጻፍ ታውቂያለሽ። «በሙያው 8 ዓመት የሠራ፣ ከዚህ ውስጥ 3 ዓመት በሲኒየር አካውንታንትነት» ይላል። ማስታወቂያው ሲዘጋ ማመልከቻው ጠረጴዛ ላይ ይቆለላል። መጀመሪያ የሚያጣራው ሥራ አስኪያጁ አይደለም። አንድ ወጣት ባለሙያ ነው። መስፈርቱን ፊቱ አስቀምጦ «ያሟላ»፣ «ያላሟላ» እያለ በሁለት ይከፍለዋል። ስለ ችሎታሽ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያየው ሦስት ነገር ነው፤ መደብ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ደመወዝ። አሠሪ በነፃ እንዲሰጥ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሚያዘው ማስረጃ ላይም የሚሰፍሩት እነዚሁ ናቸው፤ የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ሲከፈል የነበረው ደመወዝ። ታዲያ ያ ልጅ ከሲኒየር ወደ ረዳት የወረደ ሰው ወረቀት ሲያይ «ምን ሆና ይሆን?» ይላል። የሚመልስለት የለም። አንቺ እዚያ ክፍል ውስጥ የለሽማ!

ደመወዙስ አይታይም ወይ ትይኝ ይሆናል። ይታያል። ግን ደመወዝ ከድርጅት ድርጅት ስለሚለያይ ማንም ብዙ አይገረምበትም። «ትንሽ ድርጅት ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ድርጅት አንዲት ሴት ቀጥረን ነበር። ቀድሞ የአስተዳደር ክፍል ኃላፊ ነበረች። እናቷን ስታስታምም አራት ዓመት ቤት ውላለች። እኛ ጋ የነበረው ክፍት ቦታ የጸሐፊ ነበር። «ለጊዜው በዚህ ግቢ፣ ከውስጥ ሆነሽ ታድጊያለሽ» አልናት። ይህን ያልኳት እኔ ነኝ፤ ከልቤም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የአስተዳደር ኃላፊ ቦታ ተከፈተና አመለከተች። የዕድገት መመሪያችን ደግሞ ያን ያህል ደረጃ መዝለል አይፈቅድም። «መስፈርቱን ስለማያሟሉ» የሚለውን ደብዳቤ የፈረምኩት እኔው ነኝ። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ «ከውስጥ ሆነሽ ታድጊያለሽ» የሚለውን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ስለዚህ ሰኞ የምትጠይቂው ይህን ነው፤ መደቡ «አካውንታንት» ይባልልኝ። ሲኒየር በሉኝ እንዳትዪ። አምስት ዓመት ርቀሽ በገባሽ ማግስት ሲኒየር ብትባዪ ቢሮው ውስጥ ዓይን ይበዛብሻል፣ አንቺም እንቅልፍ ታጫለሽ። «አካውንታንት» ግን እውነት ነው። አሠሪ ብር ለመጨመር ስንት ሰው ማስፈቀድ አለበት። የመደብ ስም ለመቀየር ብዙ ጊዜ አንድ ስልክ ይበቃዋል። እንዲህ በያቸው፦ «ደመወዙን ተቀብያለሁ። የሥራ ዝርዝሩን ሳየው መዝገብ መያዝ፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅና ግብር ማሳወቅ አለበት። ይህ የአካውንታንት ሥራ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼዋለሁ። የቅጥር ደብዳቤው ላይ አካውንታንት ተብሎ ቢጻፍልኝ።» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይከብድሻል። እኛ ሰው ፊት ዝም ሲባል «ግድ የለም፣ ካልተመቻችሁ ይቅር» ማለት ይቀናናል። እንዳትያት።

ወደ ብሩ እንምጣ። ለአንቺ የደመወዝ ስሌት ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ግን ከለቀቅሽ ወዲህ የግብር ሠንጠረዡ ተቀይሯል። አንቺ የምታውቂው 600 ብር ብቻ ከግብር ነፃ የነበረበትንና ከፍተኛው የ35 በመቶ ግብር ከ10,900 ብር በላይ የሚጀምርበትን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከሐምሌ 2017 ጀምሮ እስከ 2,000 ብር ግብር የለውም፤ 35 በመቶው የሚጀምረው ከ14,000 በላይ ነው። ስለዚህ ከ14,000 ብርሽ ላይ 2,850 ለግብር፣ 7 በመቶው ማለትም 980 ለጡረታ ይቆረጥና 10,170 እጅሽ ይገባል። የድሮው 19,000 በዚያን ጊዜው ስሌት 5,150 ግብርና 1,330 ጡረታ ተቆርጦለት 12,520 ነበር። ባልተጣራው 5,000 የነበረው ልዩነት በተጣራው 2,350 ሆነ ማለት ነው።

ላጽናናሽ አይደለም ይህን ያልኩት። እንዲያውም ሌላኛው ጎን ይብሳል። የያኔው 12,520ና የዛሬው 10,170 አንድ ዓይነት ብር አይደሉም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። አስመጪ ቤት የሠራሽ ሰው ስለሆንሽ ይህ በዕቃ ዋጋ ላይ ምን እንዳደረገ ማንም አይነግርሽም። በዘይቱም በዳይፐሩም አይተሽዋል። እናም ከ19,000ው ጋር አታወዳድሪ። አሠሪ ፊትም ቁጥሩን ቀድመሽ አታውጪው። «የበፊቱ 19 ነበር» ካልሽ 20 ሲሰጥሽ ውለታ የዋለልሽ ይመስለዋል። የምትደራደሪበት ቁጥር የዛሬ ገበያ ነው፤ አሁን ሥራ ላይ ላሉ ሁለት ሦስት የድሮ ባልደረቦችሽ ደውለሽ ተራ አካውንታንት ስንት እንደሚከፈለው ጠይቂ። የ34,000ዋን ጓደኛሽን ግን ለጊዜው ተያት። እሷ ያልተቋረጠ 14 ዓመት አላት።

ደግሞ ይህን ልብ በይ። ከ14,000 በላይ ከምታስጨምሪው ከእያንዳንዱ ብር 35 ሳንቲም ግብር፣ 7 ሳንቲም ጡረታ ይወስደዋል። ለአንቺ የሚደርሰው 58 ሳንቲም ነው። ተከራክረሽ 2,000 ብታስጨምሪ 1,160 ነው የምታገኚው። ድርጅቱ ሰርቪስ ካለውና በጀሞ መስመር የሚያልፍ ከሆነ ግን በወር 2,000 የታክሲ ብር ሙሉውን ተረፈሽ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ሳምንት እየዘለልሽ እንድትቀሪ ጠይቂ። ለእነሱም ይህ ከብር ይቀላቸዋል። ብዙ ሰው ደመወዝ ላይ ሲሟገት ውሎ ሰርቪስ መኖሩን ሳይጠይቅ ይወጣል።

ባለቤትሽ ያነሳው ነገር ቀላል አይደለም፤ 10,170 ሲቀነስ 7,000፣ ይተርፋል 3,170። ስሌቱ ልክ ነው። ግን ወጪውን በተሳሳተ ሒሳብ መዝግቦታል። የሠራተኛዋ ደመወዝ ለምን ከአንቺ ደመወዝ ብቻ ይቀነሳል? ልጆቹ የሁለታችሁ ናቸው። ወጪው የቤቱ ነው፤ ከቤቱ ጠቅላላ ገቢ ላይ ነው የሚነሳው። ይህን ለመጣላት ሳይሆን ቡና እየጠጣችሁ፣ ወረቀት ይዘሽ አሳዪው። እግረ መንገድሽንም የሦስት ዓመቱን ጻፊለት። ትንሹ አንደኛ ክፍል ሲገባ ሙሉ ቀን የምትውል ሠራተኛ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ያኔ ወጪው ይቀንሳል። ደመወዝሽ ግን ባለበት አይቆምም። ከዚያ ከ3,170ው ላይ ትንሽ እቁብ ብትገቢ የሚናቅ አይደለም። ለአምስት ዓመት በስምሽ የገባ ብር እንዳልነበረም አትርሺ።

አንድ ሐቅ ግን ልንገርሽ። ቤቱ አሁን በዕዳ ላይ ከሆነ፣ ወይም ሠራተኛ ጠፍታ አንድ ወር ሳትሠሪ ብትቀሪ የሚናጋ ከሆነ፣ መጀመሪያ ያንን መላ በሉት። ሥራ በገባሽ በሁለተኛው ወር በሠራተኛ ምክንያት ብትለቂ ከአምስት ዓመቱ ክፍተት ይልቅ የሚጎዳሽ እሱ ነው። እናትሽ ወይም አማትሽ ለክፉ ቀን አንድ ሳምንት ሊይዙልሽ ይችሉ እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቂ።

«እናይልሻለን» ወዳሏት ነገር ልመለስ። ይህችን ቃል በደንብ አውቃታለሁ፤ እኔም ብዙ ጊዜ ተናግሬያታለሁ። ስንላት አንዋሽም። ችግሩ ከስድስት ወር በኋላ ያላት ሰውዬ ሌላ ድርጅት ገብቷል፣ ወይ በጀት የለም፣ ወይ ረስቷታል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? የሙከራ ጊዜ በሕጉ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ደብዳቤው ላይ «የሙከራ ጊዜው ሲያበቃ ደመወዙ በሥራ አፈጻጸም ላይ ተመሥርቶ እንደገና ይታያል» የሚል አንድ መስመር አስጨምሪ። ቁጥር ቢጻፍ ሸጋ ነው። ቁጥር እምቢ ካሉ ቀን ይጻፍ። ቀንም እምቢ ካሉ ከስብሰባው ወጥተሽ በዚያው ዕለት ኢሜይል ላኪ፦ «ዛሬ በተነጋገርነው መሠረት ከሙከራ ጊዜ በኋላ የደመወዝ ጉዳይ እንደሚታይ ስለገለጻችሁልኝ አመሰግናለሁ።» እንደ ምስጋና ይነበባል፤ ግን ማስረጃ ነው። ያ 60 ቀን ደግሞ የአንቺም መፈተኛ ነው። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል።

እንዳትገቢ የምልሽ በአንድ ነገር ብቻ ነው። «ፔሮል ላይ 6,000 እናድርገውና ቀሪውን በእጅ እንሰጥሻለን» ካሉሽ። በየመንደሩ አለ፣ ለሠራተኛውም ጥቅም መስሎ ይቀርባል፤ የሚቆረጠው ይቀንሳላ! ግን ጡረታሽ የሚሰላው በ6,000 ነው። የትርፍ ሰዓቱም፣ የሥራ ስንብቱም በዚያው። ባንክ ብድር ብትጠይቂ የሚታየው እሱ ነው። ነገ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብታመለክቺ ደግሞ ከግል ድርጅት የመጣ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ካልተረጋገጠ አይያዝም ይሉሻል። ከሁሉ የሚከፋው ግን አካውንታንቷ አንቺ መሆንሽ ነው። ያንን ፔሮል የምታዘጋጂውም የምትፈርሚበትም አንቺ ነሽ። ነገ ገቢዎች ሲመጡ የሚጠየቅ ሰው ፍለጋ ሩቅ አይኬድም።

ጡረታን ካነሳሁ አይቀር፣ ከደመወዙ በላይ ግቢ የሚያሰኘኝ ምክንያት ይህ ነው። ዘጠኝ ዓመት ከፍለሻል። ወርሃዊ የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ያልሞላለት ሰው ዕድሜው ሲደርስ የሚያገኘው የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው። አገልግሎት ከድርጅት ድርጅት ይደመራል፤ ስለዚህ አንድ ዓመት ብቻ ነው የጎደለሽ። አንድ ዓመት! በ14,000ም ይሁን በ30,000 ዓመቱ ያው አንድ ዓመት ነው። አበሉ የሚሰላው ደግሞ ከጡረታ በፊት በነበሩት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ስለሆነ፣ በ36 ዓመትሽ ዝቅ ያለ ደመወዝ መቀበልሽ በ60 ዓመትሽ አያስቀጣሽም። አሠሪው በላዩ 11 በመቶ ይጨምርልሻል። እስከዚያው የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ፈልጊ፤ የድሮው ድርጅትሽ ዘጠኙንም ዓመት አሟልቶ ገቢ ማድረጉንም አጣሪ።

ስለ አምስት ዓመቱ ክፍተት ከተጠየቅሽ አጭር መልሺ። «ልጆቼ ትንንሽ ነበሩ፣ አሁን ሁለቱም ትምህርት ቤት ገቡ፣ ተመልሻለሁ።» በቃ። ይቅርታ መጠየቅ የለም። «ሌላ ልጅ ታስቢያለሽ?» የሚል አይጠፋም። ሴትን በፆታዋ መለየት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ግን እዚያ ቁጭ ብለሽ አዋጅ አትጥቀሺበት። «አሁን የማስበው ሥራዬን ነው» ብለሽ ወደ ሥራው መልሺው። ይልቅ እነሱን የሚያሳስባቸው ሌላ ነው፤ የዛሬውን አሠራር ታውቃለች ወይ? አንቺ በወጣሽ በወራት ውስጥ፣ በግንቦት 2013 ቴሌብር ሥራ ጀመረ። የቫት አዋጁ በ2016 ተቀየረ። የገቢ ግብሩን አይተነዋል። ግብር ማሳወቁም በኢንተርኔት ሆኗል። የሒሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ ግን ያው ፒችትሪ ነው፣ እጅሽ ያስታውሰዋል። እስከ ሰኞ ያሉሽን ቀናት ለአዲሱ የቫት አዋጅና ለግብር ሠንጠረዡ ስጫቸው። ሲያነጋግሩሽ ከ14,000 ላይ የሚቆረጠውን በቃልሽ ብትነግሪያቸው ክፍተቱን የሚያስታውስ አይኖርም።

«በዚያው እንዳልቀር» ብለሻል። ቀን ካልቆረጥሽ ትቀሪያለሽ፣ አልዋሽሽም። ሰው ይለምዳል። ሥራው ቤት ይሆናል፣ አለቃው ደግ ይሆናል፣ ጭማሪው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይንጠባጠባል። ለአንቺ የምቆርጥልሽ ቀን የሙከራ ጊዜው ማብቂያ አይደለም፣ ዓመት መሙላቱም አይደለም። አንድ ሙሉ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይዘሽ ዝጊ። የውጭ ኦዲተር መጥቶ ከአንቺ ጋር ቁጭ ብሎ ይጨርስ። ገበያው ውስጥ ሲኒየር የሚያሰኘው ይህ ነው፤ ማንኛውም የፋይናንስ ኃላፊ በኢንተርቪው ላይ መጀመሪያ የሚጠይቅሽም «ዓመት ዘግተሽ ታውቂያለሽ? ከኦዲት ምን ወጣ?» ብሎ ነው። ያንን ከጨረስሽ በኋላ ሲቪሽን አውጪ። ያኔ መደብሽ አካውንታንት፣ ጡረታሽ 10 ዓመት የሞላ ወይም ሊሞላ የደረሰ፣ ክፍተቱም ያለፈ ታሪክ ይሆናል። የጓደኛሽን 34,000 የምትጠይቂው በዚያ ጊዜ ነው። ስትለቂ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳትረሺ። የሥራ ልምድ ወረቀቱን የሚጽፉልሽ እነሱው ናቸው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ሁሌም የሚረሳ። የገንዘብ ሥራ ስለሆነ ተያዥ ይጠይቁሻል። አምስት ዓመት ቤት ለቆየ ሰው ደግሞ ተያዥ ማግኘት ከሥራው ይከብዳል። ቋሚ ሥራ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ደብዳቤ ሊያመጣልሽ የሚችል ሰው ያስፈልግሻል። አንዳንድ ድርጅት ባል ወይም ሚስት ተያዥ እንዲሆን አይቀበልም፤ ስለዚህ ባለቤትሽ ላይ ብቻ አትተማመኚ። ዛሬውኑ ለወንድምሽ ወይም ለዚያች ጓደኛሽ ደውዪ። ደብዳቤው ከመሥሪያ ቤታቸው እስኪወጣ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል።